ትኬቱን የቆረጥኩት ለአንዲት ተዋናይት ነበር

ይህን የምጽፈው ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው በነገረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለምቆጭ ነው። ስለ ወንበር ምርጫ፣ ስለ ትኬት አቆራረጥ የሚመክር ሞልቷል። የምንወዳት ተዋናይት በዚያ ምሽት መድረክ ላይ ባትወጣ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረኝ የለም። ምን እንደማይደረግም ጭምር።

ነገሩ የተጀመረው በዘፈን ነው። የአንድ ሙዚቃዊ ቲያትር የዘፈኖች ቅጂ እጄ ገባና ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማሁት። ልብስ ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ልጅ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትስብ ሳይቀር በቃሌ ያዝኩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ዘፈን አለ። መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ወደ ላይ ለቃ ይዛው ትቆያለች። ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ሥራዬን አቆም ነበር። አንድ ቀን ይህን በዓይኔ እያየሁ እሰማለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ገንዘብ አጠራቀምኩ። ከአራት ወር በፊት ለቅዳሜ ማታ ትኬት ቆረጥኩ፤ ከመሀል፣ ሰባተኛ ረድፍ። ለአምስት ቀን ማደሪያ ያዝኩ። አንዲት ጓደኛዬም አብራኝ ተነሣች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር።

ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። በሩ ላይ ያለው ልጅ ትኬታችንን በማሽን አነበበና አስገባን። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የከፈልኩት በእሷ ነው። የዝግጅቱን መጽሔት ገዛሁና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስገልጠው ከመሀሉ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጭኔ ላይ ወደቀች። ስፋቷ ሁለት ጣት አይሞላም። አንደኛው ጠርዟ ተንጋዶ ተቆርጧል፣ ሰው በችኮላ በመቀስ የቆረጣት ነገር ናት። መጀመሪያ ማስታወቂያ መስላኝ ላስቀምጣት ነበር። አነበብኳት። በዛሬው ትርዒት የዋናዋን ሚና የምትጫወተው እገሊት ናት ይላል። የማላውቀው ስም ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ለጓደኛዬ ሰጠኋት። አነበበችና ዝም ብላ አየችኝ። «አንቺ፣ በቃ ተረጋጊ» አለችኝ። አልተረጋጋሁም። ደሜ ፈላ።

ተነሥቼ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ትኬት የሚሸጠው ለትርዒቱ ነው፣ ለሰው አይደለም አለኝ። የኒው ዮርክ ቲያትር ሰፈር የሆነውን የብሮድዌይን ደንብ ሰምቻለሁ፣ ተዋናይ ሲቀር ገንዘብ ይመለሳል ብዬ ተከራከርኩ። በግማሹ እውነት ነበረኝ። ብሮድዌይ ላይ ስሙ ከቲያትሩ ርዕስ በላይ የተጻፈ ኮከብ ሲቀር ገንዘብ መመለስ ወይም ቀን መቀየር የተለመደ ነው። የእኔዋ ልጅ ስም ግን ከርዕሱ በታች ከሌሎቹ ጋር ነው የተጻፈው። ሰውየው ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ጣቱን ወደ ትኬቱ ጀርባ ቀሰረ፤ ዓይን በምታጠፋ ፊደል ተዋንያን ሊለወጡ ይችላሉ ይላል። እሺ፣ ለማክሰኞ ቀይርልኝ አልኩት። ትኬቱ ተነቧል፣ ከበሩ ሳትገቢ ብትመጪ ምናልባት ይታይልሽ ነበር አለ። መቼ ነው የታመመችው ብዬ ጠየቅሁ። ዛሬ ረፋድ ላይ አለኝ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ረፋድ ላይ አውቀዋል። ኢሜሌም ስልኬም እጃቸው ላይ ነው። በአራቱ ወር ውስጥ መጽሔት ግዢ፣ ካናቴራ ግዢ፣ የተሻለ ወንበር አለ የሚል መልእክት ሳይልኩልኝ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። አንዲት መስመር ጽፈው ዛሬ እሷ የለችም ማለት ግን አልቻሉም። ማንም ሰው መታመም መብቱ ነው። አለመናገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬም ይቅር አልላቸውም።

ወንበሬ ላይ ስመለስ መብራቱ ደበዘዘ፤ የለውጡ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። አዳራሹ በአንድ አፍ «ኦኦኦ» አለ። ከኋላዬ ያሉ ሁለት ልጆች ከሁሉም ጎልተው ተሰሙ። እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። ያቺ ልጅ በዚያች ደቂቃ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ይህን ሁሉ እንደምትሰማ ለአፍታም አላሰብኩም።

የመጀመሪያውን ክፍል እጄን አጣምሬ አየሁ። አየሁ ማለትም አይቻልም፤ ቁጥጥር ነበር የያዝኩት። እዚህ ጋ ያቺኛዋ ትንፋሽ አትስብም። እዚህ ጋ ትስቃለች፣ ይቺ አልሳቀችም። ሁለት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ በፊቴ የምትዘፍነውን ልጅ አላሰማ አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ቃል ተሳስታ አስተካከለች። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ያ ዘፈን መጣ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፅዋን አለቀቀችውም። ይልቁንም ዝቅ አደረገችው፣ እንደ ሹክሹክታ አደረገችውና ከቃሉ በፊት ቆመች። ኦርኬስትራውም ጠበቃት። ፀጉሯ ሥር የተደበቀው ማይክሮፎን የምራቅዋን መዋጥ እንኳ አሰማን። አዳራሹ ውስጥ ሲያስል የነበረው ሁሉ ፀጥ አለ። ከዚያ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ አለችና መብራቱ ጠፋ። ጓደኛዬ እንባዋን ስትጠርግ በጎን አየኋት። እኔ ውስጤ የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማኝ፤ ግን እልኼ አሸነፈኝ። መጨረሻ ላይ አዳራሹ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ይህም አልበቃኝም። አድናቂዎች ተዋንያንን የሚጠብቁበት የጓሮ በር አለ። ሄድኩ። ከብረት አጥሩ ጀርባ ብዙ ሰው ተኮልኩሎ ነበር። ጥበቃው ኮከቧ ዛሬ የለችም ሲል አብዛኛው ሰው ተበተነ። ስድስት ሰባት ሰው ቀረን። ልጅቷ ወጣች። ፀጉሯ ከዊጉ ሥር ቆይቶ በላብ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ግንባሯ ላይ ያልለቀቀ የሜካፕ መስመር አለ። እየሳቀች ወደ እኔ ስትመጣ የጠየቅኋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ዋናዋ መቼ ነው የምትመለሰው?»

ሳቋ አልጠፋም። ትንሽ ቀዝቀዝ አለ እንጂ። ማክሰኞ ትመለሳለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን አለችኝ። ከሩቅ ነው የመጣሽው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ይቅርታ፣ እንዴት እንደሚያሳዝን አውቃለሁ አለችኝ፤ እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። ብዕሯን አዘጋጅታ መጽሔቴን ለመፈረም እጇን ዘረጋች። እኔ መጽሔቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያን ሌሊት ማደሪያዬ ገብቼ በስልኬ ጻፍኩ። ስሟን ጠርቼ፣ እንድታየው አድርጌ። ድምፅዋ ለሚናው አይመጥንም፣ ቃል ተሳሳተች፣ ገንዘቤን ተዘረፍኩ አልኩ። ያን ዘፈን እንዴት እንደዘፈነችው አንድ ቃል አልጻፍኩም። ጠዋት ስነሣ ሰው ተቀባብሎታል። አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ከእኔ ብሰው ሲሰድቧት አገኘሁ። ስለ መልኳ ሁሉ።

ከመሀላቸው አንዲት ትርዒቱን ደጋግማ ያየች ሴት ረጋ ብላ መለሰችልኝ። ልጅቷ ያን ሚና ስትጫወት የመጀመሪያ ቀኗ እንደነበር፣ እንደምትወጣ የተነገራት ከሰዓት ገደማ እንደሆነ ነገረችኝ። ተተኪዎች የሚለማመዱት በፒያኖ ነው፤ ከሙሉ ኦርኬስትራው ጋር ያን ዘፈን የዘፈነችው እኔ እያየኋት ነው ማለት ነው። በሌላው ቀን የምትሠራው ከጀርባ ካሉት ጋር ነው። ከዚያ ተዋናዩ ሂው ጃክማን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ብሮድዌይ ላይ ከትርዒት በኋላ የተናገረውን እንድሰማ ላከችልኝ። ዋናዋ ተዋናይት ሰተን ፎስተር ታማ ካቲ ቮይትኮ ተክታት ነበር። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ ስትገባ ከስምንት ሚናዎች የትኛውንም ልትጫወት ትችል እንደነበር፣ ሰባት ሰዓት ላይ የዚህን ሚና የመጀመሪያ ልምምድ እንዳደረገች ለታዳሚው ነገረው። እሷ እንባዋን እየዋጠች አጠገቡ ቆማለች። ሁለት ጊዜ አየሁት። ኩምሽሽ አልኩ።

ጽሑፌን አጠፋሁት። የሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ማጥፋት አይቻልም። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም። ልትመልስም አይገባትም።

አሁን የምለውን በእኔ ስሕተት ተማሩ። ቲያትር ቤቶች ቀድማችሁ ቁረጡ ይላሉ። ለትርዒቱ ከሆነ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ብላችሁ ከሆነ ግን ወራት ቀድማችሁ አትቁረጡ። ከተማው ከገባችሁ በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ማን እንደምትጫወት አጣርታችሁ ቁረጡ። ወንበሩ ጥሩ ላይሆን ይችላል፤ ይሁን። ትልልቅ ትርዒቶች በሳምንት ስምንት ጊዜ ነው የሚታዩት። ያንን ሁሉ በአንድ ጉሮሮ መወጣት ከባድ ስለሆነ አንዳንድ ሚናዎች ከመጀመሪያውም ለሁለት ይከፈላሉ። ብሮድዌይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2023 ለ13,981 ጊዜ በታየው «ዘ ፋንተም ኦቭ ዚ ኦፔራ» ላይ ዋናዋን ሴት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሌላ ተዋናይት ነበረች የምትጫወታት። ይህን ሳያውቁ ሄዶ ማኩረፍ የራስ ጥፋት ነው።

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይላሉ። አይበቃም። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ሂዱና በር ላይ የቆመውን ሠራተኛ ዛሬ ማን ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። የስም ሰሌዳ ካለም እዩት። ትኬታችሁን ለማሽኑ ከመስጠታችሁ በፊት። አንዴ ከተነበበ ለመለመን እንኳ አቅም የላችሁም።

ቅጂውን ደግሞ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት አቁሙ። አድናቂዎች እስከ በሩ ድረስ እየሰሙ ነው የሚሄዱት፤ እኔ አልስማማም። ጆሮ ባዶ መሆን አለበት። ማስታወቂያው ሲነበብ አታጉረምርሙ። እ.ኤ.አ. በ1954 «ዘ ፓጃማ ጌም» በሚባል ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ተዋናይቷ ካሮል ሄኒ ቁርጭምጭሚቷን ስትጎዳ ያኔ ማንም የማያውቃት፣ በኋላ የሆሊውድ ኮከብ የሆነችው ሸርሊ ማክሌይን ነበረች የተካቻት። የፊልም አዘጋጅ አይቷት ወደ ፊልም ወሰዳት። በዚያ ወንበር ላይ አኩርፎ የተቀመጠ ሰው ምን እንዳመለጠው አስቡት። የጓሮው በር ላይ ደግሞ የወጣውን ሰው አመስግኑ። ስላልመጣው አትጠይቁ፣ ለምን እንደቀረም አትጠይቁ። ካልወደዳችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩ፤ ስሟን ጠርታችሁ ፊቷ ላይ አትለጥፉ።

ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ተሰለፍኩ። የተረፈ ትኬት አገኘሁ፤ ከላይኛው ፎቅ፣ ከምሰሶ አጠገብ። ኮከቧ ተመልሳለች። ልክ እንደ ቅጂው ነበረች፣ እያንዳንዷ ትንፋሽ ቦታዋ ላይ ነበረች። ያን ዘፈን ስትጨርስ ድምፅዋን ለቃ ያዘችው፣ አዳራሹም ጮኸ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ይህንን ነበር። እኔ ግን ያችን ዝምታ እየጠበቅሁ ራሴን አገኘሁት።

ከዚያ ከጀርባ ካሉት መሀል አየኋት። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ራሷ ላይ ሻሽ አስራ፣ ቅርጫት ይዛ ከሌሎቹ እኩል ትረግጣለች። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሷ አልተነሣም። ለሰላምታ ሲወጡ የኋለኞቹ ቀድመው ነው ጎንበስ የሚሉት። እነሱ ሲወጡ ከፎቁ ብቻዬን ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አላሳይ ስላልኩት ቁጭ በይ አለኝ። አልተቀመጥኩም።