በአንዲት እዝባር ሦስት ሳምንት

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንዛወር ልጄን 9ኛ ክፍል ማስገባት ከሁሉም ቀላሉ ሥራ መስሎኝ ነበር። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ትምህርት ቤቱ ከተከራየንበት ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ክፍል የገባችው ግን ሌሎቹ መማር ከጀመሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ አይደርስብንም ነበር፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሌላው ሁሉ ያለ ችግር አልቋል። ከቀበሌ መሸኛ አወጣን፣ ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ መልቀቂያ ተቀበልን፣ ጉርድ ፎቶ ተነሳች፣ የኪራይ ውላችንን ይዘን በአዲሱ ወረዳ ተመዘገብን። ነሐሴ ሳያልቅ ዩኒፎርሟም ተሰፍቶ ነበር።

ከዚያ የምዝገባው መስኮት ጋ ደረስን። ሠራተኛው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። የልጄ አያት ስም ኃይለማርያም ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ እንዲሁ ተጽፏል። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ በእዝባር፣ ማለትም በዚህች «/» ምልክት፣ አሳጥሮ «ኃ/ማርያም» ይላል። መልቀቂያው ላይ ደግሞ በሃሌታው ሀ «ሀይለማሪያም» ሆኗል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍም በየወረቀቱ ይለያያል።

«እህቴ፣ ይሄ የሦስት ልጅ ማስረጃ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ልጅቷ ይችው አጠገቤ ቆማለች» አልኩት።

«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው። አስተካክለሽ ነይ።»

የት እንደሚስተካከል ስጠይቀው «ወረዳ» አለና ቀጣዩን ጠራ። ወረዳ ስሄድ «የስም ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው» ተባልኩ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ወረቀቶቹን አይተው «ልጄ፣ ፍርድ ቤት ስሙን መለወጥ ለሚፈልግ ነው። ያንቺ አጻጻፍ ነው፤ የጻፈው ክፍል ያርመው» አሉኝ። እውነቱን የነገሩኝ የመንግሥት ደመወዝ የማይበሉት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው። እዚህ እስክደርስ አንድ ሳምንት ሄደ።

መልቀቂያውን የጻፈው የደሴው ትምህርት ቤት ስለሆነ ወረቀቱን እዚያ ላለው ለባለቤቴ ወንድም በሚሄድ ሰው ላክሁለት። እሱም በቅንነት ሮጦ አስተካከለልኝ። ጸሐፊዋ «ሀይለማሪያም» በሚለው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምራ፣ ከላዩ «ኃይለማርያም» ብላ ጽፋ ፈርማለች። ወረቀቱ ሲመለስ ሌላ ሳምንት አልፏል። ደስ ብሎኝ መስኮቱ ጋ ስሄድ ሰውዬው በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ፦ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ አንቀበልም።»

ይህ አሁንም ያናድደኛል። ስርዝ ድልዝ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን «አዲስ መልቀቂያ፣ ከዚያም ሦስቱም አጻጻፍ የአንድ ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ፎቶዋ ላይ ማህተም ያረፈበት» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ይህን ዝርዝር ያገኘሁት በመጨረሻ ክፍለ ከተማ ድረስ ሄጄ ካለቀስኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ራሴ ወደ ደሴ ለመሄድ ተነሳሁ፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ጣርማበር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ሞልቷል፤ እኔ ግን የማስበው ልጄ ያመለጣትን ክፍለ ጊዜ ነበር። ደሴ ስደርስ ርዕሰ መምህሩ ለመስቀል አገር ቤት ገብተዋል። ሁለት ቀን ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ደብዳቤውን በሃያ ደቂቃ ውስጥ አስጽፈው ፈረሙልኝ።

በአዲስ አበባው መስኮት እናደድ እንጂ ከሰውዬው በላይ የምናደደው በራሴ ነው። ሰርተፊኬቱን የተቀበልን ቀን ልጄ «እማ፣ የአያቴን ስም በእዝባር ጽፈውታል» ብላኝ ነበር። «ምን አለበት፣ ሁሉም ሰው እንዲህ አይደል የሚጽፈው» አልኳት። አባቷ እንኳ ሲፈርም ኃ/ማርያም ብሎ ነው። ግን ከ9ኛ ክፍል መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም እስከ 12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናና እስከ ዩኒቨርሲቲ ይከተላታል፤ ከፋይዳውም ጋር መግጠም አለበት። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ የምንርቀው አምስት መቶ ሜትር ነበር።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ወረቀት የምትቀበሉበት ጠረጴዛ ጋ ቆማችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። ኀ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ ብታነቡት አንድ ድምፅ ነው፤ መስኮቱ ጋ ግን ሌላ ሰው ነው። ገ/፣ ወ/፣ ኃ/ የሚል ካያችሁ ስሙ ሳያጥር ሙሉውን እንዲጻፍ አድርጉ። በእስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ይዛችሁ ከተማ አትልቀቁ። ጉዳዩንም በዘመድ አትላኩ፤ የሚጠየቀውን የሚያውቀው መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው ነው።

ሌላው ምክሬ የትምህርት ቤቱን የምዝገባ ማስታወቂያ ቃል የሚጻረር ነው፦ ማስረጃው ያልተሟላ ተማሪ ክፍል አይገባም ይላል። እኔም አምኜ ልጄን ቤት አስቀመጥኳት። በኋላ የክፍሏ ኃላፊ መምህርት «እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ ምዝገባው እስኪያልቅ ከኋላ አስቀምጣት ነበር» አለችኝ። ስለዚህ መምህሩን ጠይቁ። ቢከለክላችሁ የምታጡት ነገር የለም።

የገባችው የሒሳቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ስብስቦች፣ ሊያልቅ ሲል ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ክፍሉ አዲስ፣ የምታውቀው ልጅ የለም። አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ ደብተሯን በየማታው ታውሳት ነበር፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስትገለብጥ አብሬያት እቀመጣለሁ። የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና ከአሥር አራት አገኘች። ያን ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ወደ ቀድሞ ውጤቷ ተመልሳለች፤ የራሷ ጥረት ነው።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ የ6ኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። ስሙ ለፈተናው የሚመዘገብበትን ቀን ጠይቄ ሄድኩና ቅጹን ልይ አልኩ። የአያቱን ስም «ኃ/ማርያም» ብለውታል። አዲስ ቅጽ እስኪሞላ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳሁም።