ደብረ ብርሃንን መቀመጫ አድርጎ አንኮበርንና ጣርማበርን በአነስተኛ ወጪ መጎብኘት

በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ታሪካዊ ስፍራ ሄዶ መዝናናትን ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው የአውሮፕላን ትኬትና የሎጅ ዋጋ በመሆኑ፣ ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳይወጣ ይቀራል። እኛም አዲስ አበባ የምንኖር፣ ሦስት ልጆችና እናቴን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ስንሆን፣ ልጆቹ የላሊበላንና የጎንደርን ነገር ባነሱ ቁጥር «እናያለን» እያልን ስናሳልፍ ኖረናል። «የሸዋ ነገሥታት መናገሻ አፍንጫችሁ ሥር ተቀምጦ ሩቅ ሩቁን ምን ያሳያችኋል?» ብላ ነገሩን ወደ አንኮበር ያዞረችው ተጉለት ተወልዳ ያደገችው እናቴ ናት። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ሂሳብ ነበር፤ እዚህ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ ሂሳቡ ነው።

እኔና ባለቤቴ ወረቀት ይዘን ስንቀመጥ በመጀመሪያ የተገለጠልን ነገር፣ በሰሜን ሸዋ የጉብኝትን ወጪ የሚወስነው አልጋና ምግብ ሳይሆን መኪና መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት በመሆኑና የሕዝብ ማመላለሻ ስለማይጠፋበት፣ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ መሄድ ለስድስት ሰው እንኳ የሚከብድ ወጪ አይደለም። የሚከብደው ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለው ነው። አንኮበር በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጣርማበርና ደብረ ሲና በደሴ መንገድ ላይ ናቸው፤ የዱር እንስሳት መጠበቂያው ጓሳ መንዝ ውስጥ ነው፤ አንጎለላ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚመልሰው አቅጣጫ ይገኛል። ሁሉንም ማየት የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ የኮንትራት መኪና ሊይዝ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስፍራዎቹን በዝናቸው መደርደራችንን ትተን በመንገዳቸው ደረደርናቸው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ውሳኔዎቻችን ይበልጥ ገንዘብ ያዳነልን ይህ ነው።

የደረስንበት ክፍፍል እንዲህ ነበር። ደብረ ብርሃንን በእግራችን እናያለን፤ ጣርማበርን ደሴ መንገድ ላይ ስለሆነ በሕዝብ ማመላለሻ እንሄዳለን፤ የኮንትራት መኪና የምንይዘው ለአንኮበር ብቻ ይሆናል። አንጎለላን መተው ለእናቴ ከብዷት ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነውና። ጓሳን ደግሞ ትልቁ ልጄ ስለ ቀይ ቀበሮ አንብቦ ስለነበር አጥብቆ ጠይቆናል፤ ነገር ግን ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ልፋት ብቻ ስለሚሆን፣ ማደር ደግሞ ድንኳንና የተለየ ልብስ ስለሚጠይቅ ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለመጨረስ የሚሞክር ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜውን መኪና ውስጥ፣ አብዛኛውን ገንዘቡን ለነዳጅ ያውላል።

ወቅቱን በመምረጥ ረገድ የተማሪ ቤት ነገር እጃችንን ያስረናል። ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ላይ ቢሆንም፣ በሐምሌና በነሐሴ አንኮበር ጉምና ዝናብ ስለሚበዛባት ከኮረብታው ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ይሸፈናል። የመረጥነው የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ ያለውን የጥር መጨረሻ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ገናና ጥምቀት ስላለፉ የበዓል ሰሞን የትራንስፖርት ግፊያም የለም። ዋጋው ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ በበጋ ሌሊቶቿ ውርጭ አለ፤ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስታሞቅ ያየ ሰው ማታውን አይገምተውም። ጋቢ፣ ሹራብና ካልሲ ከቤት መያዝ እዚያ ደርሶ ከመግዛት እንደሚሻል ግልጽ ቢሆንም፣ ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች መሆኗን ሰበብ አድርጋ ባለቤቴ አንድ ብርድ ልብስ ከመግዛት አልተመለሰችም።

ገንዘቡን ያጠራቀምነው በእቁብ ነው። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቷ እቁብ ዕጣዋ ጥር ላይ እንዲሆንላት አስቀድማ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ተለዋወጠች። ገንዘቡ ሲገባ በሦስት ፖስታ ከፈልነው፦ የመኪና፣ የአልጋ፣ የእጅ። ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ማዘዋወር የሚቻለው ሁለታችንም ስንስማማ ብቻ ነው ብለን ወሰንን። ቴሌብር ከተማው ላይ ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ግን ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይም ዝርዝር ብር ቢይዝ ለአስጎብኚውም፣ ለቤተ ክርስቲያን መባውም፣ ለሻዩም ይመቸዋል። ሌላው ያከበርነው ደንብ ቅድሚያ ክፍያ አለመክፈል ነው። ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታውን ደብረ ብርሃንና የአንኮበር ወረዳ ከተማ በሆነችው ጎረቤላ ለሚኖሩ ሰዎች ደጋግመን እየደወልን ስንጠይቅ ነበር፤ መልሱ ጥሩ ባይሆን ኖሮ ጉዞውን ያለ ኪሳራ ማስተላለፍ እንችል ዘንድ ምንም ነገር አስቀድመን አልከፈልንም። በዚህ አካባቢ ለሚጓዝ ሰው ይህ ጥንቃቄ ከዋጋ ክርክር ሁሉ የሚቀድም ነው።

የማደሪያው ጉዳይ ትንሽ የቤተሰብ ክርክር አስነስቶ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ እህት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ደብረ ብርሃን ትኖራለችና «ጋሼ፣ ቤት እያለ አልጋ ቤት ማደር ምን ይባላል? ሰውስ ምን ይለናል?» ብላ በስልክ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፤ ይሁን እንጂ ዘመድ ቤት ማረፍ በነጻ ማረፍ የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አስተናጋጁም በግ ሳያርድ፣ ጠላ ሳይጠምቅ አያድርም፤ የሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አሥር ሰው ሲተኛ ደግሞ የሁለቱም ቤተሰብ ዕረፍት ይጠፋል። የተስማማነው አንድ ማታ እነሱ ቤት እራት እንድንበላ፣ እኛ ደግሞ በአንኮበሩ መኪና እነሱን ይዘን እንድንሄድ ነው። ለአልጋው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ፣ ሙቅ ውሃ ያለው ተራ ሆቴል መረጥን፤ ሁለት ክፍል ያዝንና ለልጆቹ ተጨማሪ ፍራሽ መሬት ላይ አስነጠፍን። ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለሁሉም ሌሊቶች በአንድ ጊዜ ስንነጋገር ዋጋው ጥሩ ቅናሽ አሳየ።

የመኪናውን ዋጋ የተደራደረልን የእህትዮዋ ባል ነው፤ የአገሬው ሰው የሚጠራው ዋጋና ለእንግዳ የሚጠራው ዋጋ አንድ አይደለምና። ከሹፌሩ ጋር አስቀድመን ግልጽ ያደረግናቸው ነገሮች ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቀን፣ ምሳው በማን እንደሆነ፣ ከአንኮበር ቁልቁል የጥንት ነጋዴዎች ማረፊያ ወደነበረችው አልዩ አምባ ብንወርድ ስንት እንደሚጨምር ነበር። የመጨረሻው ጭማሪ ከፍ ስላለብን አልዩ አምባን ከላይ ሆነን ለማየት ወሰንን። ሚኒባሷ ሁለቱን ቤተሰብ ከነአስጎብኚው ስለያዘች ዋጋው ለሰው ሲካፈል፣ ማልዶ ተነስቶ በሕዝብ መኪና ከመሄድና ከሰዓት በኋላ መመለሻ ፍለጋ ከመጉላላት እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም።

አንኮበር የሄደ ሰው የጎንደርን ዓይነት የቆሙ ግንቦች ጠብቆ ከሆነ ያዝናል። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ከጥንቱ የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሎጅ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። ስፍራውን ትልቅ የሚያደርገው ታሪኩና አቀማመጡ በመሆኑ፣ ታሪኩን ሳይዙ መሄድ ለልጆች ድካም ብቻ ይሆናል። እኛ ከመሄዳችን በፊት ባሉት ሳምንታት ከእራት በኋላ ጥቂት ጥቂት እየነገርናቸው ነበር፦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን እንደገዙ፤ በ1834 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች መጥተው የወዳጅነትና የንግድ ውል እንደተዋዋሏቸው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክ ወደ መቅደላ እንደተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ወደ አገራቸው እንደተመለሱና በቦታቸው ነግሦ የነበረውን በዛብህን አስለቅቀው የአባታቸውን ዙፋን እንደያዙ። ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ማምለጡ ነው። ኮረብታውን ስንወጣ ትንሿ ልጄ ምኒልክ በየትኛው በኩል እንደገቡ አስጎብኚውን አጥብቃ ስለጠየቀችው፣ የማያውቀውን እንዳይናገር ተጠንቅቆ «እሱን እንኳን አልነገሩኝም፣ እቴ» ብሎ አሳቀን። ለዚህ ሐቀኝነቱ ከተስማማነው በላይ ጨመርንለት።

አስጎብኚውን ያገኘነው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለበት ጎረቤላ ጠይቀን ነው። የአስጎብኚ ክፍያን ለመቆጠብ የሚሞክር ቤተሰብ ብዙ አይጠቀምም፤ አንኮበር ላይ ከመኪና ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ላይ ነው። ያለ እሱ የድንጋይ ክምር የምናየውን እሱ አዳራሹን፣ ግብር ቤቱንና በሩን እየለየ ያስረዳናል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ግማሽ መንገድ ላይ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ጥላው ሥር ይረፉ፤ የቀረው ዳገት ነው» አላት፤ እሷ ግን ምርኩዟን ይዛ በዝግታ ወጣች። ከላይ ሲታይ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ነገሥታቱ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ሥፍራ የለም። ከበላያቸው ደጋው ገብስና በጉን ይሰጣቸዋል፤ ከበታቻቸው ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ አልዩ አምባ ላይ ያርፋል፤ ጨውም፣ ጨርቅም፣ ጠመንጃም በዚያ ያልፋል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ በዚያው ዳገት አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ተሻግረው ስለነበር እስከዚያ ለመከተል ተገዷል። ሎጁ ዘንድ ያወጣነው የቡና ዋጋ ብቻ ነው፤ እይታው ግን እዚያ ላደረው እንግዳ ከሚታየው አያንስም።

የጣርማበሩ ቀን ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነበር። ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው ዋሻ በፊት ወረድን፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱ ይቆርጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ስለሚወጡ፣ ለማየት ማልዶ መድረስ ይገባል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትም አገር በዱር የማይገኙ፣ ሣር እየነጩ የሚኖሩ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው እነዚህን እንስሳት ልጆቹ ያለ ምንም ክፍያ እስኪጠግቡ አዩ። ምግብ መወርወር ጠባያቸውን ስለሚያበላሽ ዳቦ ቆሎውን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አቆየነው። መመለሻው ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ መንገድ ዳር ቆሞ ለስድስት ሰው ቦታ ያለው መኪና መጠበቅ አድካሚ ስለሆነ፣ ቁልቁል ወርደን ደብረ ሲና ምሳ በላንና ከዚያው ከመናኸሪያው ተሳፈርን። ደብረ ሲና ዝቅ ያለች በመሆኗ ሙቀቷ ለእናቴ ጉልበት ተስማማት።

በምግብ ብዙ አልተቸገርንም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሁለት ቴርሞስ ሻይ ከቤት ይዘን ስለነበር ቁርስና መክሰስ አልገዛንም፤ ምሳ ላይ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ፣ በሌላው ቀን ጥብስ እየተካፈልን በላን። የደብረ ብርሃንን አረቄ ነገር ባለቤቴ እዚህ ላይ እንዳላነሳው ብትጠይቀኝም፣ ከእጅ ፖስታው አንድ ጠርሙስ መውጣቱን መደበቅ የሂሳብ ጉድለት ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከተማን ያየነው በመጨረሻው ጠዋት ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ያቆሙትና የዘመናቸውን መጨረሻ የኖሩበት ስፍራ መሆኑን ለልጆቹ ነግረን ሥላሴን ተሳልመን ወጣን። ለዚህ የወጣው መባ ብቻ ነው።

ፖስታዎቹ ሲቆጠሩ የመኪናው ባዶ ነበር፤ የአልጋው ግን ከተመደበለት ተርፎ፣ በሁለታችን ስምምነት ለጓሳው ጉዞ መነሻ ሆኖ ወደ እቁቡ ተመልሷል። ለዚያኛው ጉዞ አሁን የምናጠያይቀው ድንኳን የሚያከራይ ሰው፣ ከመሐል ሜዳ ወዲህ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሹፌርና ወጪውን የሚጋራን ሌላ ቤተሰብ ነው፤ የባለቤቴ እህት ግን በዚህኛው ጊዜ እራቱ ብቻ አይበቃኝም፣ አንድ ሌሊት እኔ ቤት ታድራላችሁ ብላ ከወዲሁ ቃል አስገብታናለች።