ከከንፈር ያለፈች ቀይ ቀለም፦ ከአሮጌ የገና ካርዶች ጋር ሦስተኛ ዓመቴ

አሮጌ የገና ካርድ መሰብሰብ ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። አሁን 140 ያህል ካርዶች አሉኝ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደስተኝ ማየት መልመዴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የማየው ሥዕሉን ብቻ ነበር፤ የገና አባቱን፣ በረዶውን፣ ሻማውን። አሁን ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ሥዕሉ እንዴት እንደታተመ ወደሚናገሩት ምልክቶች ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ፣ ወይም ልትጀምሩ ለምታስቡ፣ የተማርኩትን እንደመጣልኝ ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስንዞር፣ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ በጫማ ካርቶን የታጨቀ ፖስት ካርድ አየሁ። አንዱ 2 ዶላር ነው። ሳገላብጥ አንዱ ላይ እጄ ቆመ። የገና አባት በመስኮት አጮልቆ ወደ ቤት ውስጥ ያያል። የለበሰው ግን ቀይ አይደለም፤ ወይን ጠጅ ካባ ነው። መስኮቱ ቢጫ ያበራል። በጣቴ ስዳስሰው ፂሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ገልበጥ ሳደርገው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያለበት አረንጓዴ የአንድ ሳንቲም ቴምብር ተለጥፎበታል። የፖስታ ቤቱ ማኅተም 1910 ይላል። መልእክቱ በእርሳስ የተጻፈ ነው። ከብቶቹ ደህና ናቸው፣ እማዬ እየተሻላት ነው፣ ለገና እንጠብቅሻለን ይላል። ሰላምታና ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ። የአገር ቤት ደብዳቤ ያነበብኩ መሰለኝ። ገዝቼው ወጣሁ።

የወይን ጠጁ ካባ አልለቀቀኝም። ብዙ ሰው የገና አባትን ቀይ ያለበሰው ኮካ ኮላ ነው ይላል። እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያ ስናገር ኖሬያለሁ። ልክ አይደለም። ሠዓሊው ሃደን ሳንድብሎም ለኮካ ኮላ የገና አባትን መሣል የጀመረው በ1931 ነው። እኔ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ በፖስታ የተላከ፣ ከራስ እስከ እግሩ ቀይ የለበሰ የገና አባት በእጄ አለ። አጠገቡ ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ የለበሱ አሉ። ያኔ ቀለሙ አልረጋም ነበር። ወፍራምና ሳቂታ ገጽታውን በአሜሪካ ያስለመደው ጀርመን ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገው ቶማስ ናስት ነው። ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለ መጽሔት ላይ በ1863 ጃንዋሪ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ ኮከብና ሰንደቅ ያለበት ልብስ ለብሶ ለሰሜን ወታደሮች ስጦታ ሲያድል ሣለው። ሳንድብሎም ያደረገው ያንን ገጽታ እንደ ደግ አያት ማለስለስና በየመጽሔቱ ማሠራጨት ነው። ይኼ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ፈጠረው ማለት ግን የናስትንና የእነዚያን ስም የለሽ የካርድ ሠዓሊዎች ድካም መካድ ነው።

ሁለተኛው ዓመት የአጉሊ መነፅር ዓመት ነበር። የጀመረው በብስጭት ነው። በኢንተርኔት በ25 ዶላር የገዛሁት ካርድ መጣ። ያምራል። ጠርዙ አርጅቷል፣ ወረቀቱም ቢጫ ብሏል። አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነፅር ሳየው ግን የገና አባቱ ጉንጭ የወንፊት ቀዳዳ መሰለ። እኩል እኩል ነጥቦች፣ በመስመር ተደርድረው። የወረቀቱ ቢጫነትና በጠርዙ ያለው ቆሻሻ ሳይቀር በነጥብ የታተመ ነው። ፎቶ ተነሥቶ በቅርብ ጊዜ የታተመ ቅጂ ነበር። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም።

ከዚያ የ1910ሩን ካርድ በዚያው መነፅር ሥር አደረግኩት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ጉንጩ ላይ ያሉት ነጥቦች ሰው በእጁ የነጠባቸው ናቸው። አንዱ ወፈር ይላል፣ አንዱ ቀጭን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ተጨናንቀዋል፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ይላሉ። ፂሙ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ፤ በባዶ ዓይን ግራጫ የመሰለኝ እነሱ ናቸው። በረዶው ጨርሶ ቀለም የለውም፤ ያው ባዶው ወረቀት ነው። ከንፈሩ ላይ ደግሞ ቀይዋ ቀለም ቦታዋን ስታ ትንሽ ወደ ፂሙ አልፋለች። የፀጉር ውፍረት ብታክል ነው። ይቺን ስሕተት ከሥዕሉ ሁሉ አብልጬ ወደድኳት።

ለምን እንዳለፈች ለማወቅ ካርዱ የታተመበት ሊቶግራፊ የተባለ የድንጋይ ኅትመት እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ነበረብኝ። መነሻው ዘይትና ውሃ አለመዋሃዳቸው ነው። አሎይስ ዜነፌልደር የተባለ ሰው በ1790ዎቹ መጨረሻ ሙኒክ ውስጥ ደረሰበት። በደንብ በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል። ከዚያ ድንጋዩ ይረጥባል። ቀለሙ ሲዳመጥበት ቅባቱን ይዞ ይቀራል፣ እርጥቡን አይነካም። ወረቀት ተጭኖ ይታተማል። ለእያንዳንዱ ቀለም ግን ለብቻው አንድ ድንጋይ ያስፈልጋል። ለቢጫው አንድ፣ ለሥጋ መልኩ አንድ፣ ለቀዩ ሌላ። ወረቀቱ በእያንዳንዱ ላይ ያልፋል፤ በእያንዳንዱም ላይ እዚያው ቦታ ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። በዚያ ቀን፣ በዚያ ወረቀት፣ በቀዩ ተራ፣ አንድ ሠራተኛ እጁ ትንሽ ሸርተት አለ።

አሜሪካ ውስጥ ይኼን ሥራ ለገና ካርድ ያዋለው ሉዊስ ፕራንግ ነው። ብሬስላው (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለች ከተማ) ተወለደ፣ በ1850 ወደ አሜሪካ መጥቶ ቦስተን ሠፈረ። የገና ካርዶቹን በ1873 መጀመሪያ የሸጠው እንግሊዝ አገር ነው፤ አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት ደረሳት። የመጀመሪያዎቹ ካርዶቹ በብዛት አበባ ናቸው፤ የገና አባትም በረዶም የለባቸውም። አንድ ሥዕል እስኪያልቅ ሃያና ከዚያ በላይ ድንጋይ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ከ1880 ጀምሮ ለሠዓሊዎች በሽልማት ውድድር ያዘጋጅ ነበር። በኋላ ከጀርመን ርካሽ ካርድ ጎርፎ ገበያውን ወሰደበት። የኔም ካርዶች አብዛኞቹ ጀርመን ውስጥ የታተሙ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በትናንሽ ፊደል «ፕሪንትድ ኢን ጀርመኒ» ይላል። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የታተሙት የኔ ካርዶች ወረቀታቸው ሳሳ፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ነው።

ለጀማሪ አንድ ፈጣን ነገር ልንገራችሁ፦ ጀርባውን እዩ። የአሜሪካ ካርድ ከሆነ መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካለው ከማርች 1907 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር። መልእክቱ ሥዕሉ ባለበት በኩል ጥግ ጥግ ላይ ይጻፋል። ሰው ቦታ አጥቶ በገና አባቱ ካባ ላይ የጻፈበት አለኝ። ማስቀመጫውን በተመለከተ ደግሞ፣ በምንም ተአምር ሙጫ ያለው የፎቶ አልበም ውስጥ አታስገቡ። ስድስት ካርድ አበላሽቻለሁ፤ ሳወጣቸው ጀርባቸው ተገሽልጦ ጽሑፉ ሙጫው ላይ ቀረ።

የመጀመሪያውን ለንግድ የቀረበ የገና ካርድ ታሪክ ሳነብ ልጅነቴ ድንገት መጣብኝ። ለንደን፣ 1843። ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ከበደውና ሠዓሊውን ጆን ካልኮት ሆርስሊን አንድ ካርድ አስሣለ። መሀል ላይ ቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ብርጭቆ አንሥቷል፤ ግራና ቀኙ ላይ ድሃ ሲበላና ሲለብስ ይታያል። ወደ 1 ሺህ ታተመ፣ አንዱ በአንድ ሺሊንግ ተሸጠ። የታተመው ግን መስመሩ ብቻ ነው። ቀለሙን ሰዎች በእጃቸው አንድ በአንድ ቀቡት።

እኛስ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ምን ነበር የምናደርገው? ታላቅ ወንድሜ መልአኩን ይሥላል። እኔ ንጹሕ ወረቀት በላዩ ደርቤ መስኮት መስተዋት ላይ እለጥፈውና ብርሃኑ ሲያሳየኝ መስመሩን እከተላለሁ። አንድ መልአክ ሠላሳ መልአክ ይሆናል። ከዚያ ቀለም ቅብ። የእኔ ድርሻ ክንፍ ነበር። ጠዋት ቤት ለቤት እየዞርን «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን እንሰጣለን፣ ሳንቲም እንቀበላለን። የሆርስሊን ካርድ ቀለም የቀቡትን ሰዎች አላውቃቸውም። ሥራቸውን ግን እጄ ያውቀዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ እንዴት እንደሚሰለች፣ ሃያኛው ላይ ቀለሙ ከመስመር እንዴት እንደሚያመልጥ።

ስለዚህ ዘንድሮ ማየት ብቻ አልበቃኝም። ለታኅሣሥ 29 የራሴን ካርድ ላትም ተነሣሁ። ድንጋይ አቅሜ አይደለም፤ በሊኖሊየም ነው፤ በቀላሉ የሚቀረፅ የወለል ንጣፍ ዓይነት። ሥዕሉ ገና የሚጫወት ልጅ ነው፤ ዱላውን አንሥቶ ሩሯን ሊመታ። ሦስት ቀለም፣ ሦስት ሊኖሊየም። ቢጫው ለታጨደው ማሳ፣ ቀዩ ለነጠላው ጥለት፣ ጥቁሩ ለመስመሩ። የነጠላውን ነጭ አልቀባሁትም፤ ከበረዶው ካርድ የተማርኩት ነው። ወረቀቱን ተውኩለት።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ «መልካም ገና» የሚለውን ቀጥታ ቀረፅኩት። ሲታተም ተገለበጠ። ሁለት ምሽት ሙሉ የቀረፅኩት ስለነበር በጣም ከፋኝ። እንደገና ጀመርኩ። አሁን ፊደሉን በስስ ወረቀት እጽፍና ገልብጬ አሳርፈዋለሁ፤ ያው የመስኮቱ ዘዴ ነው። ቀለሙን በትንሽ ሩሎ አዳምጣለሁ። ወፈር ካለ የጥለቱ መስመር ይሞላል፣ ከሳሳ ማሳው ይበጣጠሳል።

ያለፈው እሑድ 30 ወረቀት አተምኩ። ቢጫው በሁሉም ላይ በቦታው አረፈ። ጥቁሩም ደህና ነው። ቀዩ ግን 19ኙ ላይ ከነጠላው ወጥቶ ማሳው ላይ አረፈ። ሚሊሜትር አትሞላም። ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አንዱን አንሥቼ ከ1910ሩ ካርድ ጎን አስቀመጥኩትና በመነፅሩ አየኋቸው። አንዱ ላይ ቀዩ ከከንፈር ወጥቷል፣ አንዱ ላይ ከጥለት። ልጄ መጥታ መነፅሩን ተቀበለችኝና ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየች። አሥራ አንዱን ለዘመድ እንልካለን። ከቀሩት ውስጥ አንዱን እሷ መረጠች፤ ቀዩ በጣም ያለፈበትን።