ለጭንቅላት ግጭት መለኪያ ደንብ ስናወጣ የተማርነው

«ተጫዋቹ 50 ጂ (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 50 እጥፍ) ተመቷል» የሚል ሪፖርት ሲደርሰን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት ላይ የተለካ?» ብለን ነው። ጥርስ ላይ የተነበበ 50 ጂ እና ወደ ጭንቅላት የክብደት ማዕከል ተሰልቶ የመጣ 50 ጂ አንድ አይደሉም። ለስፖርተኞችና ለወታደሮች የምንሠራበትን ደንብ መጻፍ የጀመርነው ከዚሁ ጥያቄ ነው። መነሻ ያደረግነው በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ቻምፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የባለሙያዎች ስምምነት ነው።

ሴንሰሩ የት ይቀመጥ የሚለው ብዙ አላከራከረንም። ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ይንሸራተታል፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውም ከቆዳው ጋር ይንቀሳቀሳል። የላይኛው ጥርስ ግን አጥንት ውስጥ የተተከለ ነው። ስለዚህ በየሰው ጥርስ ልክ የተሠራ፣ ሴንሰር ያለበት ማውዝጋርድ (የጥርስ መከላከያ) መረጥን። በምላስ ሲገፋ የሚወርድ ከሆነ እንደገና ይሠራል። የላላ ማውዝጋርድ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ደግሞ በመረጃው ላይ ግጭት መስሎ ይታያል።

ስሌቱ ላይ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ጭንቅላት ሲመታ ወደ ጎን መገፋት ብቻ ሳይሆን ይዞራልም። ሴንሰሩ ከክብደት ማዕከሉ 8 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና የመዞር ፍጥንጥነቱ 4500 ራዲያን በሰከንድ ካሬ ቢሆን፣ መዞሩ ብቻውን ጥርስ ላይ 360 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ማለትም 37 ጂ ገደማ ይፈጥራል። ርቀቱን በ1 ሴንቲ ሜትር ብንሳሳት ስህተቱ እስከ 4.6 ጂ ይደርሳል። ስለዚህ ርቀቱ በሦስቱም አቅጣጫ ተጽፎ ከመረጃው ጋር ይቀመጣል።

መሣሪያው መቅዳት የሚጀምርበት ልክ፣ መቀስቀሻውም፣ እንደዚሁ ነው። ብዙ መሣሪያዎች 10 ጂ ሲያልፍ መቅዳት ይጀምራሉ፤ ግን 10 ጂው የሚታየው ጥርስ ላይ ነው። መዞሩና መገፋቱ ጥርስ ላይ ተጣፍተው ማዕከሉ ላይ ግን ከፍ ያለ ምት ሊኖር ይችላል፤ መሣሪያው ያንን ጨርሶ አይቀዳውም። እኛ መቅጃውን በ5 ጂ እናስነሳለን፤ ለሪፖርት የምንቆርጠው ግን ከስሌቱ በኋላ ማዕከሉ ላይ 10 ጂ ላይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለቱም ይጻፋሉ። አንድ ቡድን በ5፣ ሌላው በ15 ጂ ቆርጦ «የእኛ ተጫዋቾች ብዙ ይጋጫሉ» ማለት ትርጉም የለውም።

የመዞር ፍጥነትን የሚለካው ሴንሰር፣ ጋይሮስኮፑ፣ የሚችለው እስከ 2000 ዲግሪ በሰከንድ፣ ማለትም 35 ራዲያን በሰከንድ ገደማ ብቻ ከሆነ፣ ከባድ ምት ሲመጣ የግራፉ ጫፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። የመዞር ፍጥንጥነት የሚገኘው ይህ ፍጥነት በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ተሰልቶ ነው፤ ጠፍጣፋ መስመር ላይ ደግሞ ለውጡ ዜሮ ነው። ከባዱ ምት ቀላል ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ቅጂ በሙሉ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ወደ አማካይ አይገባም። ፈጣን መወዛወዝን ከመረጃው የሚያጣራው የፊልተሩ ልክም ከቁጥሩ ጋር ይጻፋል፤ ፊልተሩ ሲጠብቅ የምቱን ጫፍ ይላጨዋል፣ ሲላላ ከምቱ ያልመጣ የመሣሪያውን መወዛወዝ ያስገባል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ማውዝጋርዱን ማዕከሉ ላይ የራሱ ሴንሰር ባለው ሃይብሪድ 3 በሚባለው ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ አድርገን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና በሰያፍ፣ በለስላሳም በጠንካራም ነገር እንመታለን። እዚህ ላይ የሚያሳስተው «ተዛምዶው 0.99 ነው»፣ ማለትም የሁለቱ ንባቦች አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ የሚል ውጤት ነው። ሁሌም 20 በመቶ አሳንሶ የሚያነብ መሣሪያም ተዛምዶው 0.99 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ንባቦች የሚያያይዘውን መስመር ዘንበል መጠንና የስህተቱን ስፋት አብረን እንጠይቃለን።

ሜዳ ላይ ቪዲዮ የግድ ነው። ማኘክ፣ መጮህ፣ ማውዝጋርዱን አውጥቶ ካልሲ ውስጥ መወሸቅ ሁሉ መቅጃውን ያስነሳል። ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱን መሣሪያ ካሜራ ፊት ሦስት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ እናደርጋለን፤ ሁለቱን ሰዓቶች የምናመሳስለው በዚያ ነው። ግምገማው በሁለት በኩል ይሄዳል። ከሴንሰሩ ተነስቶ ቪዲዮ ማየት ሐሰተኛውን ምት ብቻ ያወጣል። መሣሪያው ያመለጠውን ለማግኘት የሴንሰሩን መረጃ ያላየ ሰው ከቪዲዮው መነሳት አለበት። ኳስ በቴስታ ሲመታ ግጭቱ በዓይን ይታያል፤ ደረቱን ተገፍቶ የወደቀ ተጫዋች ጭንቅላቱ ምንም ሳይነካው በኃይል ይናወጣል። «ግጭት» የሚለውን ቃል ትተን «የጭንቅላት ፍጥንጥነት ክስተት» የምንለው ለዚህ ነው። ቃሉ ረዥም ቢሆንም ትክክለኛው እሱ ነው።

ከወታደሮች የሚመጣው የፍንዳታ መረጃ ከዚህ ጋር አይደባለቅም። የግፊት ማዕበል በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚነሣ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚያነብ ማውዝጋርድ አያየውም። የግፊት መለኪያም ወደ ፍንዳታው ከዞረ የተንጸባረቀውን ግፊት ጨምሮ ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ጎኑን ከሰጠ ዝቅ ይላል። ራስ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ሦስት መለኪያ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ መከላከያ በጥንቃቄ ወሰንነት የሚጠቀምበት የ4 ፒኤስአይ ግፊት፣ 27.6 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ሲጠቀስ መለኪያው ወዴት ዞሮ እንደነበር አብሮ መጻፍ አለበት።

የትኛውም ወሰን ራሱ የሕመም ምርመራ ውጤት አይደለም። የራግቢ ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ (ወርልድ ራግቢ) በ2024 እ.ኤ.አ. ለወንዶች 75 ጂ፣ ለሴቶች 65 ጂ፣ ለሁለቱም 4500 ራዲያን በሰከንድ ካሬ ሲያልፍ ተጫዋቹ ወጥቶ እንዲታይ አድርጎ ነበር። ከዚያ በታች የአንጎል መናወጥ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በሪፖርታችን «የመናወጥ ብዛት» የሚል ዓምድ የሌለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ያስገባነው ዓምድ የተለበሰበት ደቂቃ ነው። ማውዝጋርዱን ቦርሳው ውስጥ ትቶ የተጫወተ ሰው ሠንጠረዡ ላይ 0 ምት ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን ያልተለካ ሁሉ ባዶ ይተዋል፤ 0 የሚጻፈው ለብሶ ለተጫወተና ምንም ላልደረሰበት ሰው ብቻ ነው።