ስም ያለበት ድንጋይ

ዛሬ ከሲኞራ ጋር እዚህ ጣሊያን ውስጥ ያለች ሳንታና ዲ ስታዜማ የምትባል የተራራ መንደር ወጥተን ዋልን። ባዳንቴ (የአረጋውያን ተንከባካቢ) ሆኜ የምጦራቸው እናት ናቸው፤ 80ን አልፈዋል። ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ጥምዝምዝ ነው። መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር እጄን ጭብጥ ያደርጉኝ ነበር።

መንደሯ ሚጢጢ ናት። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ደጇ ላይ ሜዳ፣ ወዲያ ወዲህ የተበተኑ የድንጋይ ቤቶች። ነሐሴ 6 ቀን 1936 ማለዳ የናዚ ጀርመን ኤስኤስ ጦር ወታደሮች ከበቧት። ጦርነቱን የሸሸ ብዙ ሰው ተጠልሎባት ነበር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 560 ገደማ ሰው ተገደለ፤ አብዛኛው ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን። ሜዳው ላይ የገደሏቸውን የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ከምረው አቃጠሏቸው።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሳሰላው ክው አልኩ። ፍልሰታ ነው። እነሱም ከ3 ቀን በኋላ የእመቤታችንን ዕርገት ሊያከብሩ ነበር።

ኮረብታው ላይ አጽማቸው ያረፈበት የድንጋይ ግንብ አለ። ከኋላው የሟቾቹ ስም ተቀርጿል። ሲኞራ መሐረባቸውን በውኃ ነክረው አንዱን ስም ቀስ ብለው ጠረጉት። የማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከሟቾቹ ሁሉ ታናሿ የ20 ቀን ልጅ ናት። እኛ ጋ ቢሆን ክርስትና ለመነሳት ገና 60 ቀን ይቀራት ነበር።

ፍርዱ ደግሞ ያንገበግባል። የምርመራው መዝገብ ሮም ውስጥ በሩ ወደ ግድግዳ በዞረ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ኖሮ የተገኘው በ1986 ነው። በ1997 አሥር የቀድሞ የኤስኤስ ሰዎች በሌሉበት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። አንዳቸውም እስር ቤት አልገቡም።

አግዳሚው ላይ አረፍ ስንል ስለ ደብረ ሊባኖስ አወራኋቸው። በግንቦት 1929 ግራዚያኒ መነኮሳቱን እንዳስፈጀ። ያው ግራዚያኒ ይህች መንደር ስትቃጠል የሙሶሊኒ የመከላከያ ሚኒስትር ነበር፤ ከጀርመኖቹ ጎን። በ1942 የተፈረደበትም ከእነሱ ጋር በመተባበሩ ነው። ለደብረ ሊባኖስ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም።

«ስንት ነበሩ?» አሉኝ።

ግራዚያኒ በቴሌግራም 449 ብሎ ነበር። በኋላ ያጠኑት ሰዎች ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ስማቸውስ?»

ዝም አልኩ። እርጥቡን መሐረብ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። ከእኛ ዘር ደብረ ሊባኖስ ያለቀ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አንድ አባት ነበሩ ይባላል» አለችኝ። «ስማቸውን አያትሽ ነበር የሚያውቀው።»