ለስግድ፦ በዕጩዎች ዝርዝር ስንተኛ ላይ ናት?

እንኳን ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓላችን፣ አደረሳችሁ! ጾሙ ተፈትቶ ዳቦው ሲቆረስ የፕኒና ታማኖ-ሻታ ስም መነሳቱ አይቀርም። በ3 ዓመቷ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣች ልጅ በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዓሊያና የቅሊታ፣ ማለትም ወደ እስራኤል የሚገቡትን የመቀበልና የማቋቋም፣ ሚኒስትር ሆነች፤ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ። ደስ ይበለን።

እኔን ግን ዘንድሮም የሚከነክነኝ 2015 ነው። በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር 14ኛ ነበረች፤ ፓርቲው 19 መቀመጫ አግኝቶ በተራዋ ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ገባች። በ2015 ወደ 13ኛ ከፍ አለች፤ ፓርቲው 11 ብቻ አገኘና ውጭ ቀረች። የተመለሰችው በ2018 የፓርቲዋ እንደራሴ ያዕቆብ ፔሪ መቀመጫውን ሲለቅ ነው። በመጀመሪያው ዘመኗ፣ በታኅሣሥ 2013፣ እዚያው ክኔሴት ግቢ ደም ልስጥ ስትል ኢትዮጵያ በመወለዷ ደሟን አንቀበልም ተብላለች። የሕዝብ እንደራሴ ሆና ይህ ከደረሰባት፣ ስንቱ ወጣት ያለ ምስክር ተመልሷል! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለከተማ ምክር ቤት «ዝርዝራችን ውስጥ ግቢ» የምትባሉ እህቶቼ፣ መጀመሪያ «ስንተኛ?» በሉ። ቀጥሎ ያ ዝርዝር ባለፈው ስንት መቀመጫ እንዳገኘ እዩ። 3 ካገኘ 6ኛ ቦታ ለፎቶ ነው፤ የእኛን ሰፈር ድምፅ ወስደው እናንተን ደጅ ይተዋሉ። ሮታሲያ ከሆነ፣ ማለትም ግማሹን ዘመን ሌላ ሰው፣ የቀረውን ግማሽ እናንተ የምትቀመጡ ከሆነ፣ ያ ሰው የሚለቅበት ቀን በጽሑፍ ይስፈር፣ ይፈረምበት። የቃል ተስፋ ሁለት ዓመት ተኩል አይቆይም። በምርጫው ቀን ደግሞ ለሽማግሌዎቻችን ቀድማችሁ አስረዱ፦ ቢጫው ወረቀት ለከንቲባው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ነው። ቢጫውን ብቻ ከትተው ከሄዱ ለእናንተ ምንም አልሰጡም።

አዲሱ መሳላ፣ በ1996 ከእኛ መካከል መጀመሪያ ክኔሴት የገባህ፣ እናመሰግናለን። የምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የለውም፤ ቀን ሥራ ውለው፣ ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ማታ ስብሰባ የሚገቡ፣ ስለ መዋዕለ ሕፃናትና ስለ ቤት ኪራይ የሚሟገቱ እህቶቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። መልካም ስግድ፣ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።