ዩሪያውን በአንድ ቀን አትጨርሱት፦ ናፍጣ የጠጣ አፈርን በባክቴሪያ ማጽዳት

ናፍጣ የሚበላ ባክቴሪያ በጀሪካን እሸጣለሁ ከሚል ሰው አትግዙ። ናፍጣ ለዓመታት ሲንጠባጠብበት በኖረ አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ራሱ ተባዝቶ ይገኛል፤ የሚያጥረው አየር፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ልከኛ እርጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ፣ በባሕሩ ዳርቻ ሥራውን ያፋጠነው ማዳበሪያ ነበር፤ ከውጭ የመጡት የባክቴሪያ ምርቶች ሲሞከሩ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየባቸውም። የጀሪካኑ ብር ለብሎወር (አየር ለሚነፋ ማሽን) እና ለላቦራቶሪ ይዋል።

የሠራሁት አዲስ አበባ ዳርቻ ከአንድ የጄኔሬተር ነዳጅ ታንከር ሥር በወጣ 50 ሜትር ኩብ ያህል ቀይ አፈር ላይ ነው። ክብደቱ በግምት 75 ቶን፣ ናፍጣው በኪሎ አፈር 8000 ሚሊግራም፤ በድምሩ 600 ኪሎ ናፍጣ። ይህቺን ስሌት መጀመሪያ ሥሯት፣ የቀረው ሁሉ ከሷ ይወጣል። መጠኑ በኪሎ ከ50000 ሚሊግራም ካለፈ ባክቴሪያውም ስለሚመረዝ ብክለቱ አነስተኛ ከሆነ አፈር ጋር ካልተደባለቀ አይሆንም።

መሬቱን ትንሽ ተዳፋት አስይዤ ጂኦሜምብሬን (ፍሳሽ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) አነጠፍኩ፤ ዝቅ ባለው ጥግ የፍሳሽ መሰብሰቢያ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ባለ 4 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ አስበስቼ ጠጠር ውስጥ ቀበርኩና ከብሎወር ጋር አገናኘሁት። አፈሩን 1.5 ሜትር ከፍታ ድረስ ከምሬ በጥቁር ሸራ ሸፈንኩት። ይህ ሁሉ ክረምት ከመግባቱ በፊት ካላለቀ አትጀምሩ፤ ዝናብ የጠገበ ቁልል አየር አያስገባም።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ሲረጥብ ይላቆጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አየሩ በስንጥቁ በኩል ሾልኮ ይወጣና መሐሉ ታፍኖ ይቀራል። ጭድና እበት ቀላቅሉበት የሚለውን የተለመደ ምክር እኔ አልቀበለውም። ሁለቱም ለባክቴሪያ ከናፍጣ የቀለሉ ምግቦች ናቸው፤ ጭዱ ደግሞ ለናፍጣው ያሰባችሁትን ናይትሮጅን ይሻማል። ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሻላል፦ ቀዳዳማ ነው፣ አይበሰብስም፣ በየግንባታው ቦታ አለ። ለአራት እጅ ዋልካ አንድ እጅ ቀይ አሽ ይበቃል። መነሻ ናሙናውን ግን ቀይ አሹ ከገባ በኋላ ውሰዱ፤ አለዚያ አፈሩ ስለሳሳ የወረደውን ቁጥር እንደ ጽዳት ትቆጥሩታላችሁ።

አሁን ወደ ዩሪያው። በጸደቀው ዕቅድ ውስጥ በየመጽሐፉ ያለው 100፡10፡1 ተቀምጧል፦ ለ100 ኪሎ ካርቦን 10 ኪሎ ናይትሮጅንና 1 ኪሎ ፎስፈረስ። ከናፍጣ ክብደት 86 በመቶው ያህል ካርቦን ስለሆነ 600 ኪሎው 516 ኪሎ ካርቦን ይወጣዋል። ስለዚህ 52 ኪሎ ናይትሮጅንና 5 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ ያስፈልጋል፤ በማዳበሪያ ሲመነዘር 31 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነው። እስከዚህ ሒሳቡ ልክ ነው። ኩንታሉ ተከፋፍሎ ይግባ ብዬ ስጠይቅ ግን ተቆጣጣሪው ባለሙያ ዕቅዱ ላይ ያልሰፈረ የአሠራር ለውጥ ነው፣ አዲስ ደብዳቤና አዲስ ፊርማ ይፈልጋል አለ። ሎደር በኪራይ ቆሞ ደብዳቤ አይጠበቅም። ሁሉም በአንድ ቀን ገባ።

የሚሆነውን ለማወቅ ማካፈል መቻል ይበቃ ነበር። ባክቴሪያ የሚኖረው የአፈሩን ቅንጣት በሸፈነችው ስስ ውሃ ውስጥ ነው፤ ማዳበሪያውም የሚሟሟው እዚያችው ውሃ ውስጥ ነው። 52 ኪሎ ናይትሮጅን ለ75 ቶን ሲደርስ በኪሎ አፈር 690 ሚሊግራም ይሆናል፤ ሲሰሙት ብዙ አይመስልም። የአፈሩ እርጥበት ግን 15 በመቶ ነበር። 690ን ለ0.15 ስታካፍሉት በሊትር ውሃ 4600 ሚሊግራም ይመጣል። 2000 ገደማ ሲያልፍ ጨዋማነቱ ከባክቴሪያው አካል ውሃ እየሳበ ሥራ ያስፈታዋል። በዚያ ላይ ዩሪያው በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት ልኬቱ) ከ8 በላይ ይወጣና ሸራው ሲገለጥ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይነሣል። ያ ሽታ በብር የተገዛ ናይትሮጅን ወደ ሰማይ ሲሄድ ነው።

እስካሁን የሚያበሳጨኝ ግን የኦክስጅን ንባቡ አተረጓጎም ነው። ቁልሉ ውስጥ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ኦክስጅን ይለካል፤ ማንሆል ውስጥ የሚገቡ ሠራተኞች የሚይዙት የጋዝ መለኪያ ይበቃል። ከማዳበሪያው በፊት ብሎወሩ ሲጠፋ ኦክስጅኑ በሰዓት 1 በመቶ ያህል ይወርድ ነበር። ከማዳበሪያው በኋላ ብሎወሩ ጠፍቶም 20.5 በመቶ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው “የአየር ዝውውሩ እጅግ ጥሩ ነው” የሚል ነው። የማይቀንስ ኦክስጅን እኮ የሚተነፍስ የለም ማለት ነው፤ አስከሬን ያለበት ክፍልም አየሩ አይቀንስም።

ማስተካከያው አሰልቺ ነው። እርጥበቱን ወደ 20 በመቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ውሃው ቀዳዳውን ሞልቶ አየሩን ይዘጋል። ቁልሉን በሎደር እየገለበጡ አሞኒያውን ማስወጣት፣ ከዚያ መጠበቅ። ሳምንታት ይበላል፤ የሎደሩን ኪራይ የሚከፍለው ደግሞ ፊርማ የጠየቀው ሰው አይደለም።

እንዲህ አድርጉት፦ ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ኤንፒኤሱን አፈሩ ሲከመር አብራችሁ ደባልቁ። ዩሪያውን አራት ቦታ ከፍላችሁ የመጀመሪያውን 25 ኪሎ በውሃ አሟሙታችሁ እኩል አርከፍክፉት፤ ከኤንፒኤሱ ጋር ተደምሮ በ15 በመቶ እርጥበት በሊትር 1500 ሚሊግራም ገደማ ነው። ፍሬውን በደረቁ ከበተናችሁት ያረፈበት ይቃጠላል፣ ሌላው ሳይደርሰው ይቀራል። ቀጣዩ 25 ኪሎ የሚገባው እርጥበቱ ሳይጓደል የኦክስጅኑ አወራረድ ሲዘገይ ነው፤ ካሌንደር አትዩ። የሞተ ባክቴሪያ ናይትሮጅኑን ለሚቀጥለው ስለሚተው አራተኛው ክፍል ላያስፈልግ ይችላል። ዕቅዱ ላይ ደግሞ ከመነሻው “እስከ 100 ኪሎ ዩሪያ፣ በኦክስጅን ንባብ መሠረት ተከፋፍሎ” ብላችሁ አጽፉ። ይህች መስመር ብትኖር ደብዳቤ የሚጠይቅ አይመጣም ነበር።

ናሙና ከላዩ አትውሰዱ። ላዩ በትነትም ስለሚጸዳ ያሞካሻችኋል። ቁልሉን በአምስት ከፍላችሁ ከእያንዳንዱ ከግማሽ ሜትር በታች ቆፍሩ። ላቦራቶሪውን ናሙናው በሲሊካ ጄል (የእፅዋት ቅባትን ይዞ በሚያስቀር ማጣሪያ) ይጣራ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተጣራ የጭድና የእበት ቅባትና ሰም እንደ ናፍጣ ይቆጠራል፤ አፈሩ ጸድቶም ቁጥሩ አልወርድ ይላል።

ናፍጣው ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ከደረሰ ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተበልቶ ለማለቅ 3.5 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሊትር ውሃ ቢጠግብ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለአንዲት ኪሎ 500 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ናፍጣ ካለ በፓምፕ ይቀዳ፣ ምንጩም ተቆፍሮ ይውጣ፤ ባክቴሪያ የሚጠበቀው ለተረፈው ነው።

ቁልሉ ከመፍረሱ በፊት በፍሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ለናይትሬት (የማዳበሪያው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ለሚለወጥበት ውሁድ) አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ማዳበሪያ የገባበት ቁልል ፍሳሽ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ወደ ቦይ አይለቀቅ፣ በበርሜል ይቀመጥና የሚቀጥለው ቁልል ይርጠብበት፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንም ከዩሪያው ላይ ይቀነስ።